አንድ አምፕ፣ ሁለት ዓይነት ስፒከር፦ ድምፁ ሲያስቸግር ምን ይደረግ?

ጥር ሲገባ ጎንደር ለጥምቀት እንግዳ የማይጠብቅ ቤት ጥቂት ነው። በዚሁ ሰሞን ማራኪ አካባቢ የሚኖር ጓደኛዬ ደወለልኝ። ሳሎኑ ውስጥ የአባቱ የድሮ አምፕ (ለስፒከር ጉልበት የሚሰጠው ድምፅ ማጉያ) ከሁለት የእንጨት ስፒከሮች ጋር አለ። እሱ ደግሞ ለቪዲዮ ሥራው ሁለት ሞኒተር ገዝቷል። ስክሪን ማለቴ አይደለም፤ በውስጡ የራሱ አምፕ ያለው ስፒከር ነው። ሁሉንም ባንድ ላይ ሊያሰማ ፈልጎ ሲከፍተው ቤቱ በጩኸት ተሞላ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ስፒከሩን አዙራችሁ ጀርባውን እዩ። ወደ ግድግዳ ሶኬት የሚሄድ ገመድ ካለው የራሱ አምፕ አለው። ቀይና ጥቁር ማሰሪያ ብቻ ካለው ፓሲቭ ነው፤ ጉልበት የሚያገኘው ከውጭ አምፕ ነው። የሚያሳስተው ጥንድ ሆኖ የሚሸጥ ሞኒተር ነው። አንዳንዱ አምፑ ያለው በአንደኛው ውስጥ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ከእሱ ነው የሚቀበለው።

ሞኒተሩ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ቮልዩም ገና ሲነካ ይጮኻል

የጓደኛዬ ችግር ይሄ ነበር። ከአምፑ የስፒከር ማሰሪያ ገመድ አውጥቶ፣ ጫፉ ላይ ጃክ በይዶ ሞኒተሩ ላይ ሰክቶታል። እዚያ ማሰሪያ ላይ የሚወጣው ግን ጉልበት የተጨመረበት ድምፅ ነው። የ50 ዋት አምፕ 8 ኦም ስፒከር ላይ (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) ሙሉ አቅሙን ሲሰጥ 20 ቮልት ገደማ ያወጣል። ሞኒተሩ የሚጠብቀው ቢበዛ አንድ ሁለት ቮልት ነው። ዝቅ አድርጌ እከፍተዋለሁ ማለት አያዋጣም፤ አንድ ቀን አንድ ልጅ ቮልዩሙን ያዞረዋል፣ ሞኒተሩም ይቃጠላል።

ሁሉንም አጥፉና ገመዱን ንቀሉ። ከዚያ አምፑ ጀርባ ላይ «ፕሪ አውት» የሚል ቀይና ነጭ ቀዳዳ ፈልጉ፤ ጉልበት ያልተጨመረበት ድምፅ የሚወጣው በዚያ ነው። ካለ ተገላገላችሁ። በቀይና ነጭ ገመድ ከሞኒተሩ ጋር አገናኙት፤ ፓሲቮቹ በቦታቸው ይቆያሉ። የአምፑ ቮልዩም ሁሉንም እኩል ያዛል።

የድሮ አምፕ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ቴፕ አውት» ወይም «ሬክ አውት» የሚባለው፣ ወደ ቴፕ መቅጃ ድምፅ የሚያወጣ ቀዳዳ ነው። እሱም ይሠራል፤ ነገር ግን የአምፑን ቮልዩም ብታዞሩ የሞኒተሩ ድምፅ አይለወጥም። የሞኒተሩን ቮልዩም ለብቻው ማስተካከል ያስፈልጋል። የሄድፎን ቀዳዳ ደግሞ በብዙ አምፕ ላይ ጃክ ሲገባበት ፓሲቮቹን ይዘጋል።

ይህ ሁሉ ከሌለ የስፒከሩን መስመር ወደ ደካማ መስመር የሚቀይር ትንሽ ሳጥን አለ። የመኪና ቴፕ የሚገጥሙ ባለሙያዎች ያውቁታል። ትራንስፎርመር ያለበትን ምረጡ፤ አንዳንድ አምፕ ላይ ጥቁሩ ማሰሪያ ግራውንድ (ከዕቃው ብረትና ከመሬት ጋር የሚያያዘው መስመር) አይደለምና።

ሙዚቃ ሳይኖርም እምምም ይላል

መስመሩን ካስተካከልን በኋላ ይሄ መጣብን። መብራታችን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ የምትሰሙት እሱን ነው። አምፑና ሞኒተሩ በተለያየ መንገድ ግራውንድ ሲያገኙ፣ በመሃላቸው ያለው የድምፅ ገመድ ሁለቱን መንገዶች አገናኝቶ ቀለበት ይሠራል፤ እምምታው የሚገባው በዚያ ነው።

የድምፅ ገመዱን ከሞኒተሩ ንቀሉ። እምምታው ከቀጠለ ችግሩ ራሱ ሞኒተሩ ውስጥ ነው። ከቆመ ከገመዱ ወይም ከግራውንዱ ነው። ሁሉንም ዕቃ አንድ ኤክስቴንሽን ላይ ሰኩ። አሁንም ካለ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ፈታችሁ አዳምጡ። ጓደኛዬ ቤት ጥፋተኛው እሱ ነበር፤ ገመዱ ሲፈታ ቤቱ ጸጥ አለ። ለዘለቄታው በድምፅ ገመዱ መሃል የሚገባ ግራውንድ መለያ ትራንስፎርመር አለ።

የሶኬቱን ግራውንድ ቆርጦ መጣል ግን በፍጹም አይሞከርም። እምምታው ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን ውስጡ አንድ ሽቦ ቢላቀቅ 220 ቮልት የአምፑ ብረት ላይ ይወጣል። ቤት ውስጥ ልጆች አሉ።

አምፑ ይግላል፣ በመሃል ይጠፋል

ሞኒተር አምፑን አያደክመውም፤ ተጨማሪ ፓሲቭ ግን ያደክመዋል። አንድ ማሰሪያ ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከር በትይዩ (ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር) ከታሰረ አምፑ የሚያየው 4 ኦም ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ኦም አንብቡ። ከዚያ በታች ከወረደ አንዱን ፍቱ። የሽቦ ጭራ ከቀይ ወደ ጥቁር እንዳልነካም እዩ።

ድምፁ አለ፣ ቤዙ ግን የለም

የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ተገልብጦ ታስሯል። አስተካክሉት።

ሲከፈት ድብ ይላል

ሲከፈት አምፑ ይቅደም፣ ሞኒተሩ ይከተል። ሲጠፋ ሞኒተሩ ይቅደም። መብራት ድንገት ሲሄድ ይህን ቅደም ተከተል መጠበቅ አይቻልም፤ ስለዚህ ወዲያው ሁሉንም ከሶኬት ንቀሉ። ሲመጣም አትቸኩሉ። አምፖሉ ሳይርገበገብ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ መጀመሪያ አምፑን፣ ቀጥሎ ሞኒተሮቹን ክፈቱ።