ዕቅዱ ሲበላሽ ተፋላሚዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ሁለት ወር ሙሉ ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ቦክሰኛ ተዘጋጅተሃል። ሳምንት ሲቀር ሰውየው ተጎዳና በምትኩ ግራኝ መጣብህ። የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ይጀምራል፦ ተተኪውን መናቅ። "በጥድፊያ የመጣ ሰው ምን ያደርገኛል?" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኤምኤምኤ (ቡጢ፣ ርግጫና ትግል በተቀላቀለበት ፍልሚያ) ኔት ዲያዝ ኮኖር ማክግሪገርን እንዲገጥም የተጠራው 11 ቀን ሲቀረው ነበር። በሁለተኛው ዙር ከኋላ አንቆ እጅ አሰጠው።

ለእኔ ከሁሉም የሚብሰው ግን ነገር ሲሰምርልህ መስከር ነው። ያልተጠበቀ ለውጥ ሲባል ክፉ ክፉው ብቻ ነው የሚታየን። በ2019 ኒውዮርክ ላይ ቦክሰኛው አንቶኒ ጆሹዋ አንዲ ሩይዝን በሦስተኛው ዙር ጣለው። ሩይዝም ተተኪ ነበር፣ እንዲያውም በሰውነቱ ብዙ የተቀለደበት። ጆሹዋ ሊጨርሰው ተከተለው። ቡጢ ሲለዋወጡ ራሱ ተመታ፤ በዚያው ዙር ሁለቴ ወደቀ። በሰባተኛው ነገሩ በሩይዝ አሸናፊነት አለቀ። ደሙ የፈላ ሰው እጁ ይወርዳል፣ ትንፋሹም ቶሎ ያልቃል። ከመንደርደርህ በፊት የተነሳውን ሰው እየው። እግሩ ይንገዳገዳል? ወይስ እያደባ ነው?

አንተ ስትወድቅ ደግሞ በእልህ ዘለህ አትነሳ። ቦክስ ላይ ዳኛው እስከ ስምንት መቁጠሩ አይቀርም። በሁለት ብትነሳ ምንም አታተርፍም። ጭንቅላትህ ከጠራ በአንድ ጉልበትህ ሆነህ ተንፍስ፣ አሰልጣኝህን ፈልገህ እይ። ኤምኤምኤ ላይ ግን ይህን እንዳታስበው! እዚያ የሚቆጥርልህ የለም፤ ራስህን ሸፍነህ ሰውየውን መያዝ ነው።

በዳኛ መነጫነጭም አለ። ነጥብ ተቀነሰ? ተቀነሰ። ስትከራከር ዓይንህ ከተጋጣሚህ ላይ ይነሳል።

የማይሠራ ዕቅድ ላይ ሙጭጭ ማለትም ያስመታል። መሐመድ አሊ በ1974 ኪንሻሳ ላይ ጆርጅ ፎርማንን በመጀመሪያው ዙር በቀጥተኛ ቀኝ ሞከረው። አልወደቀለትም። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ የመድረኩን ገመድ ተደግፎ ፎርማን እንዲመታው ፈቀደለትና አደከመው። በስምንተኛው በዝረራ አሸነፈ።

አሰልጣኞችም ከስህተት አያመልጡም። በዙሮች መሃል ያለው እረፍት 1 ደቂቃ ነው። የደነገጠ ልጅ ላይ አምስት ትዕዛዝ ሲያዥጎደጉዱበት አንዱንም ሳይዝ ይነሳል። መጀመሪያ ይተንፍስ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ንገሩት፦ "ግራህን ከፍ አድርግ።"