የሃይማኖት አባቶችን የለውጥ ታሪክ ከጣና ዳር ተነሥቶ ለመጻፍ፦ ለጀማሪ አጥኚዎች

ባሕር ዳር ላይ የአካባቢያቸውን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሡ ወጣቶች ብዙ ጊዜ የሃይማኖት አባቶችን ርእስ ይመርጣሉ፤ እንዳይላቸው ከሚያመጡልኝ ረቂቆች አብዛኞቹ ግን ወይ ውዳሴ ወይ ክስ ሆነው ይቀራሉ። ምክንያቱ የመረጃ እጥረት አይደለም። ጸሐፊው «አባታችን ንጉሡን ተቃወሙ፤ ንጉሡም ተመለሰ» ብሎ ያልፋል እንጂ፣ ጦርም ግምጃ ቤትም የሌለው ሰው ንጉሥን በምን እንዳስገደደ አይጠይቅም። ይህ መመሪያ ያንን አንድ ጥያቄ ይዘው እስከ መጨረሻው ለመዝለቅ ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ሰውና አንድ ውዝግብ ብቻ ይምረጡ። በጣና ሐይቅ ደሴት በሚገኘው በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የአፄ ዳዊት፣ የአፄ ዘርዐ ያዕቆብና የአፄ ፋሲለደስ አፅም እንዳረፈ ይነገራል፤ ከእነዚህ ሦስት ነገሥታት ዘመን ጋር የተያያዙት የሃይማኖት ክርክሮች እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ መጻሕፍት ይወጣቸዋል። ለምሳሌ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜን እንደ እሑድ እናከብራለን በማለታቸው ለረጅም ዘመን ተወግዘውና ተገፍተው ኖረው፣ በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ በዘርዐ ያዕቆብ ፊት አቋማቸው ተቀባይነት አገኘ። አንድ የተገፋ ማኅበር መቶ ዓመት ገደማ ጸንቶ የመንግሥትን ሕግ እንዴት እንዳስቀየረ መጠየቅ ብቻውን በቂ ሥራ ነው።

ለጀማሪ የምመክረው ግን የአፄ ሱስንዮስን ዘመን ነው፤ ምክንያቱም ቦታዎቹ ሁሉ በሐይቁ ዙሪያ ናቸው፣ በሁለቱም ወገን የቆሙትም የሃይማኖት ሰዎች ናቸው። በሰሜናዊው ዳርቻ በጎርጎራ የኖረው ኢየሱሳዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ የንጉሡን ልብ ያገኘው በትዕግሥትና በትምህርት ነበር፤ ሱስንዮስም በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ፓኤዝ ሞተ። ከእሱ በኋላ የመጣው የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ፣ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ጾሙና በዓላቱም እንዲለወጡ ማዘዙ ክርክሩን ከቤተ መንግሥት አውጥቶ በየገበሬው ማዕድ ላይ አስቀመጠው። ከፓኤዝ እስከ ሜንዴዝ ያለውን የአካሄድ ልዩነት ሳያስተውል በንጉሡ ላይ ስለተነሣው ዐመፅ የሚጽፍ ሰው ግማሹን ምክንያት ጥሎታል።

በሌላው ወገን፣ በኦርቶዶክሱ፣ ያሉት ሰዎች የተጠቀሙባቸውን መሣሪያዎች አንድ በአንድ ለይተው ይመዝግቡ። ጳጳሱ አቡነ ስምዖን የተጠቀሙት ግዝትን ነበር፤ በ1617 እ.ኤ.አ. በንጉሡ ላይ ከተነሡት ዐማፅያን ጋር ሳሉ ተገደሉ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ደግሞ ከሱስንዮስ የጦር አዛዦች አንዱ የነበረውን ባሏን መልክአ ክርስቶስን ትታ መነኰሰች፤ ገድሏም እንደሚነግረን በቅዳሴ ጊዜ የንጉሡ ስም እንዳይጠራ ታስተምር ነበር። ይህን በቀላሉ አይለፉት። ስሙ በቅዳሴ የማይነሣ ንጉሥ በየመንደሩ ሕጋዊነቱ ይጎድላል፤ አዋጅ ነጋሪ ሳይላክ፣ ጋሻ ሳይነሣ፣ በአንድ እሑድ ጠዋት። በንጉሡ ፊት ቀርባ ከሞት የተረፈችው የትልቅ ቤተሰብ ልጅ በመሆኗም ጭምር ነውና ዘመድም ከመሣሪያዎቹ መካከል ይቆጠር። ከዚያ ዠበይ ወደሚባል ሩቅ ቦታ ተሰደደች፤ ስደቱም አዲስ ማኅበር መጀመሪያ ሆነ፣ በሕይወት ዘመኗ ከመሠረተቻቸው ሰባት ማኅበራት አብዛኞቹም በጣና ዙሪያ ነበሩ። ከሞተች በኋላ ማኅበሯ የሰፈረበት ቆራጣ ከንጉሥ ቅጣት ለሚሸሹ የታወቀ መማጸኛ ሆነ። ሆኖም ሱስንዮስ በሰኔ 1632 እ.ኤ.አ. የቀደመውን ሃይማኖት መልሶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ የለቀቀው በእሷ ብርታት ብቻ ነው ብለው እንዳይጽፉ፤ የላስታ ገበሬዎች ጦርነትና የፈሰሰው ደም በሚዛኑ ላይ ከባድ ናቸው።

ገድልን ሲያነቡ ሁለት ዓይነት ቀለም እንዳለው ሰነድ ይመልከቱት። የወለተ ጴጥሮስ ገድል የተጻፈው በ1672 እ.ኤ.አ.፣ ከሞተች ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ የሚያውቋት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ ነው። ተአምራቱ ማኅበሩ ስለ ራሱ ምን ያምን እንደነበር ይነግሩዎታል፤ ጸሐፊው ሳያስበው የሚያነሣቸው ነገሮች፣ ማለትም እህል ከየት እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ በሽታ ሲገባ ወዴት እንደተሰደዱ፣ ማኅበሩ በምን ይተዳደር እንደነበር ያሳያሉ። ሁለቱም ጠቃሚ ናቸው፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ነው ስሕተቱ።

የዘመን አቆጣጠር ብዙ ረቂቅ ያበላሻል። ሰኔ 1632 እ.ኤ.አ. በእኛ 1624 ዓ.ም. ነው፣ ስምንት ዓመት ተቀንሶ፤ ወለተ ጴጥሮስ ያረፈችበት ኅዳር 1642 እ.ኤ.አ. ግን ሰባት ብቻ ተቀንሶ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ይሆናል። በማስታወሻዎ ላይ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ይጻፉ።

ወደ ገዳማቱ ሲሄዱ ከሀገረ ስብከቱ የትብብር ደብዳቤ ይያዙ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን አያስገቡም፤ ሴት አጥኚዎች በዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን፣ በደቅ ደሴትም እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ማየት ይችላሉ። መነኰሳቱን «አባ»፣ መነኰሳይያቱን «እማሆይ» ይበሉ፤ «አባቴ ይፍቱኝ» ሳይሉ ወደ ጥያቄ አይግቡ። እኔ በወጣትነቴ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ፊት ተቀምጬ «ገዳሙ በፖለቲካ የነበረው ሚና» ብዬ ስጀምር ዝም ብለው መቋሚያቸውን ሲያዩ ቆዩ፤ «ድሮ ግዝት ያፈረሰ ሰው ምን ይሆን ነበር?» ስላቸው ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ አልጨረሱም። የጥያቄዎን ቃል ከተጠያቂው ዓለም ይውሰዱ።

ዘጌን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። በልማዱ እንደሚተረከው አቡነ በትረ ማርያም በምድሪቱ ላይ በሬ እንዳይጠመድና ከብት እንዳይረባ ከለከሉ፤ ሕዝቡም በቡናና በጌሾ ኖረ፣ ደኑም ቆመ። አንድ ቃል ኪዳን የአንድን ሕዝብ ኢኮኖሚ ለዘመናት ሲቀርጽ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአቅራቢያ አይገኝም። ነገር ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያ ቡና የሚለማው በባሪያ ጉልበት ጭምር እንደነበር፣ ከባለባሪያዎቹም መካከል ካህናት እንደነበሩ አብረው ይጻፉ። ይህን ማስቀረት ለቤተ ክርስቲያን መቆርቆር የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ አልስማማም። ለውጥን የገቱትንም እንዲሁ፦ አፄ ቴዎድሮስ በየቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ብቻ ይቅር፣ ትርፉ መሬት ለገበሬ ይሁን ባሉ ጊዜ ካህናቱ ፊታቸውን አዙረውባቸዋል።

የጣና ዳር ታሪክ የክርስቲያኖች ብቻ አይደለም። በደንገል ታንኳ የሚታወቁት ወይጦዎች ሙስሊሞች ናቸው፤ በከተማዋም አረጋውያን ሼሆች አሉ። ከእነሱ ጋር ሲቀመጡ ጥሩ መነሻ የሚሆነው ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው የሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ነው፤ ክርስቲያኖችም ተቀላቅለውበት ነበር፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ የነበረው የእስልምና በዓላት እውቅናም በደርግ ዘመን ምላሽ አገኘ። ሼሁን «በዚያን ጊዜ እርስዎ የት ነበሩ? ወሬውስ እዚህ በማን በኩል ደረሰ?» ብለው ይጠይቁ፤ የአዲስ አበባውን ታሪክ በሌላ ቦታ ያገኙታል፣ ወደ ባሕር ዳር የመጣበትን መንገድ ግን ከእሳቸው በቀር የሚነግርዎ ላይኖር ይችላል።

ረቂቁ ሲያልቅ ወደ ነገሩዎት ሰዎች ተመልሰው ያንብቡላቸው። የሚያርሙትን ስም፣ ቦታና ዘመድ ያስተካክሉ፤ በፍርድዎ ላይ ከተለያዩ ግን የእነሱንም የራስዎንም ቃል ጎን ለጎን ያስቀምጡና አንድ ቅጂ በገዳሙ ዕቃ ቤት ወይም በመስጊዱ ትተው ይመለሱ።