የሳንባ ምች በዳማከሴ አይድንም

ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርስ ሆኜ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ነገር ይደጋገምብኛል። እናት ልጇን አቅፋ ትገባለች። ልጁ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ አፍንጫው ይርገበገባል። "ስንት ቀኑ ነው?" እላታለሁ። "አራት ቀኑ። ምች መስሎኝ ዳማከሴ ስሰጠው ነበር።"

ያሳሳታት ስሙ ነው። ቤት ውስጥ ምች የምንለው ራስ ሲፈልጥ፣ ትኩሳት ሲነሳ፣ ከንፈር ሲቆስል ነው። ዳማከሴውን አሽተን እናሸታለን፤ ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አድርገን እንጠጣለን፤ ያልበንና ይቀለናል። የሳንባ ምች ግን ሌላ በሽታ ነው። ጀርም ሳንባ ውስጥ ገብቶ ጥቃቅኖቹን የአየር ከረጢቶች ፈሳሽና መግል ይሞላቸዋል። አየር መግቢያ ያጣል። በባክቴሪያ የመጣ ከሆነ የሚያድነው ሐኪም የሚያዘው አንቲባዮቲክ ነው። ዳማከሴ እየጠጡ የሚጠፉት ቀናት ሕፃን ያስከፍላሉ።

እባካችሁ፣ ቅጠል ከመቁረጣችሁ በፊት ትንፋሽ ቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገለጥ አድርጉና ሙሉ አንድ ደቂቃ ሆዱን እዩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ በዚያው ቀን አምጡት። ሲተነፍስ የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ከገባ ወይም መጥባት ካቃተው ንጋትን አትጠብቁ።

እኔም አጥፍቻለሁ። ልጄ 2 ዓመቷ ሳለ ጉንፋን ያዛት። ባሕር ዛፍ አፍልቼ፣ በነጠላ ሸፍኜ አጠንኳት። ድስቱን በእግሯ ገፋችው። ጠባሳው ዛሬም ጭኗ ላይ አለ። ትንሽ ልጅ በእንፋሎት አይታጠንም። የባሕር ዛፍ ዘይት ደግሞ ለልጅ አይጠጣም፤ ጥቂቱም ሊያንዘፈዝፈው ይችላል።

ማር 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን በጭራሽ አይሰጥም። ከዚያ በላይ ላለው ግን ማታ አንድ የሻይ ማንኪያ ሳሉን ያስታግስለታል፤ እኔም እመክራለሁ።

ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሆንም። አስም ላለበት ሰው ቅጠል እያጨሱ ማጠን ይቅር፤ ጭሱ ያፍነዋል።

ሌላው የሚያንገበግበኝ የሰነበተ ሳል ነው። አንድ ሹፌር "አቧራ ነው" እያለ ሁለት ወር ሙሉ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በማር ሲውጥ ከረመ። ሰውነቱ አለቀ። አክታው ሲመረመር ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ያን ሁሉ ጊዜ ከሚስቱና ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ነበር የሚተኛው። ልጁም ተይዞ ነበር።

የጦስኝ ሻይ ጠጡ፣ ዝንጅብሉንም አፍሉ፤ ጉሮሮ ያለሰልሳሉ። ሳሉ 2 ሳምንት ከሞላው ግን አክታችሁን አስመርምሩ። ቲቢ ከሆነ መድኃኒቱ ብዙውን ጊዜ 6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል።