ጄኔሬተር አልነሳ ሲል፦ የናፍጣ ሞተርና የባትሪ ቻርጀር ብልሽቶች ከምልክት እስከ መፍትሄ

ተጠባባቂ ጄኔሬተር ወራት ቆሞ ይከርምና መብራት በጠፋ ቁጥር በሰከንዶች ውስጥ እንዲነሳ ይጠበቅበታል። ሳይነሳ ሲቀር ጥርጣሬው መጀመሪያ የሚያርፈው ሞተሩ ላይ ነው፤ ፖምፓ ይፈታል፣ ኖዝል (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደሩ የሚረጨው) ይወልቃል፣ ገንዘብ ይወጣል። ቆሞ የሚውል ሞተር ግን በራሱ የሚበላሽበት ምክንያት ጥቂት ነው። የሚደክመው ባትሪው፣ የሚቆሽሸው ናፍጣው፣ የሚላላው ማሰሪያው ነው። ስለዚህ ምርመራው ከባትሪ ይጀምራል፣ ወደ ነዳጅ ይሻገራል፤ ሞተር መፍታት ከሁሉም በኋላ ይመጣል። ለአብዛኛው ሥራ ቴስተር (የቮልትና የአምፔር መለኪያ)፣ የባትሪ አሲድ መለኪያ፣ የሽቦ ብሩሽና ጥቂት ቁልፎች ይበቃሉ።

እጅ ከማስገባትዎ በፊት መምረጫውን ከ«አውቶ» ወደ «ስቶፕ» ያዙሩት። አውቶ ላይ የተተወ ጄኔሬተር መብራት በጠፋበት ቅጽበት ማንንም ሳያስጠነቅቅ ይነሳል። ባትሪ ሲፈቱ ቻርጀሩን አጥፍተው ኔጋቲቩን በመጀመሪያ ይፍቱ፤ ሲመልሱ እሱን የመጨረሻ ያድርጉት። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ አንዲት ፍንጣሪ ታፈነዳዋለች።

ቁልፉ ሲነካ ምንም ድምፅ የለም

መጀመሪያ ቀዩን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ይመልከቱ። የሆነ ሰው ሲያጸዳ ወይም ሲያልፍ ገፍቶት ተጭኖ ቀርቶ ይሆናል፤ በዚህች ቁልፍ ብቻ ባለሙያ የሚጠራበት ቀን ብዙ ነው። ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላም መቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ የተያዘው ማስጠንቀቂያ ካልተሰረዘ ሞተሩ ትእዛዝ አይቀበልም።

ሰሌዳው ጭራሽ ካልበራ ከባትሪው እስከ ሰሌዳው ያለውን መንገድ ይከተሉ፦ የባትሪ ማጥፊያው ክፍት ነው ወይ፣ ፊውዙ ተቃጥሏል ወይ፣ ማሰሪያው ላልቷል ወይ። ፊውዝ ተቃጥሎ ከተገኘ ምክንያቱን ሳይፈልጉ በወፍራም ሽቦ መተካት ቀጣዩን ቃጠሎ ወደ ገመዱ ማዛወር ነው።

«ቸክ» ብሎ ይቀራል፣ ወይም እየተጎተተ ይዞራል

ከሁሉም የሚበዛው ብልሽት ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ቻርጀሩን አጥፍተው ባትሪውን ጥቂት ሰዓት ካሳረፉ በኋላ ይለኩ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሙሉ ሲሆን ከ12.6 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.2 ላይ ግማሽ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች ከወረደ ሞተር ለማስነሳት አይታመንም። 10.5 አካባቢ ከቆመ ደግሞ ከስድስቱ ሴሎች አንዱ ሳይሞት አይቀርም፤ እያንዳንዱ ሴል የሚያዋጣው ሁለት ቮልት ገደማ ነውና።

ይህ ቁጥር ግን ብቻውን አይበቃም። ያረጀ ባትሪ አርፎ ሳለ 12.6 አሳይቶ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ሲጎትተው ወደ 7 ቮልት ሊወድቅ ይችላል። እውነቱ የሚታየው ሲዞር ነው፤ አንድ ሰው ቁልፉን ይያዝ፣ ሌላው ቴስተሩን። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ባለ 12 ቮልቱ ከ9.6፣ ባለ 24 ቮልቱ ከ19.2 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል ወይም ባዶ ነው።

ባትሪው ጸንቶ ሞተሪኖው ከደከመ ጉልበቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው አናት ላይ ባለው የእርሳስ ጉጥ ላይ፣ ሌላውን ሞተሪኖው ላይ ባለው ወፍራም ቡሎን ላይ አድርገው ያስዞሩ። ጫፉ ማሰሪያው ላይ ሳይሆን ጉጡ ላይ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ብዙውን ጊዜ ሌባው የተደበቀው በሁለቱ መካከል ነው። ከ0.5 ቮልት በላይ ከታየ ገመዱ ወይም ማሰሪያው እየበላው ነው። በማሳው (በኔጋቲቩ መስመር) በኩልም፣ ከኔጋቲቩ ጉጥ እስከ ሞተሩ አካል፣ ከ0.2 ቮልት መብለጥ የለበትም።

እንዲህ ያለውን ማሰሪያ ሲፈቱት ከውስጡ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ይራገፋል፤ ጉጡም ጠቁሮ ይገኛል። ለጥቂት ሰከንድ አዙረው ወዲያው ቢነኩት ከሌላው ማሰሪያ ይልቅ ይሞቃል። በሶዳ ውሃ አጥበው፣ ብረቱ እስኪያበራ በብሩሽ ፈግፍገው፣ አጥብቀው ካሰሩት በኋላ ላዩን ቅባት ይቀቡት። ቅባቱ ከማሰር በፊት ሳይሆን በኋላ ነው። በዚህ ዱቄት ላይ አዲስ ባትሪ ቢታሰር ጄኔሬተሩ ከትናንቱ አይሻልም።

ባትሪውም ገመዱም ደህና ሆነው «ቸክ» ብቻ የሚል ከሆነ የሞተሪኖው ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሳብ ማብሪያ) ነጥቦች ተበልተዋል ወይም የካርቦን ብሩሾቹ አልቀዋል፤ ሞተሪኖው ወርዶ ይፈተሻል። አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ አያዙሩት፤ በመሐል ያሳርፉት። በአንድ ትንፋሽ ሲዞር የሚቃጠል ሞተሪኖ ከባትሪው ይበልጥ ያስከፍላል።

ደህና ይዞራል፣ ግን አይነሳም

አሁን ዓይን ወደ ጭስ ማውጫው ይሂድ። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ (እሳት የሚፈነጥቅ ማቀጣጠያ) የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው በታመቀው አየር ሙቀት ነው። ስለዚህ እየዞረ ነጭ ጭስ የሚያወጣ ከሆነ ናፍጣው ደርሷል፣ ሙቀቱ ግን አልበቃም፦ ሞተሩ ቀዝቅዟል፣ ወይም የሚዞርበት ፍጥነት ዝቅ ያለ ነው፣ ወይም እመቃው ደክሟል። ፍጥነቱ ዝቅ ካለ ተመልሰን ባትሪው ዘንድ ነን።

ጭራሽ ጭስ ከሌለ ናፍጣ አልደረሰም። ጋኑ ውስጥ ነዳጅ መኖሩን በዓይን ይመልከቱ፤ ጠቋሚውን አይመኑ። ቀጥሎ ነዳጅ የሚከፍተውን ሶሌኖይድ ያዳምጡ። በአብዛኞቹ ጄኔሬተሮች ላይ ሲነሳ ኤሌክትሪክ አግኝቶ «ጥቅ» ይላል። ቮልት ደርሶት ዝም ካለ ተበላሽቷል፤ ካልደረሰው ፊውዙንና ሪሌውን (በትንሽ ጅረት የሚሠራውን ማብሪያ) ይዩ።

ሶሌኖይዱ ከሠራ ተጠርጣሪው አየር ነው። ፊልትሮ (ማጣሪያ) ከተቀየረ ወይም ነዳጅ እስከ መጨረሻው ካለቀ በኋላ በመስመሩ ውስጥ አየር ይቀራል። ፊልትሮው አናት ላይ ያለውን ማስተንፈሻ ብሎን ላላ አድርገው በእጅ ፖምፓው ይግፉ፤ መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ አረፋ የሌለው ናፍጣ ይወጣል። እየገፉ ሳሉ ብሎኑን ያጥብቁ። ሜካኒካል ፖምፓ ባለው ሞተር ላይ ይህ ካልበቃ የኖዝል ቱቦዎቹን ዳዶ (ማሰሪያ ብሎን) በግማሽ ዙር አላልተው ናፍጣ እስኪረጭ ያስዞሩና መልሰው ያጥብቁ። ኮመን ሬይል በሆነ (ኖዝሎቹ ሁሉ ከአንድ የጋራ ቱቦ በሚመገቡበት) ሞተር ላይ ግን ይህን ፈጽሞ አያድርጉ፤ እዚያ መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር በላይ ስለሚደርስ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ይበሳል።

ተነስቶ ይጠፋል፣ ወይም ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል

አራት ፖል ያለው ጄኔሬተር 50 ሄርትዝ የሚሰጠው በደቂቃ 1500 ዙር ሲዞር ነው። የሄርትዙ ንባብ ካልረጋ ሞተሩ እየተራበ ነው ወይም ገቨርነሩ (የፍጥነት ተቆጣጣሪው) ፍጥነቱን መያዝ አቅቶታል። የሚቀድመው የነዳጅ ፊልትሮ ነው። የውሃ መለያውን ከሥሩ ከፍተው ትንሽ ወደ መስታወት ዕቃ ያውርዱ፤ ውሃ ካለ ከናፍጣው በታች ጥርት ብሎ ይለያል። ለረጅም ጊዜ በቆመ ናፍጣ ውስጥ ውሃና ናፍጣ በሚገናኙበት ድንበር ላይ ተሕዋስያን ይራባሉ፤ ፊልትሮውን የሚደፍነው ጥቁር ልጥልጥ ነገር ከዚያ ነው የሚመጣው። ያኔ ፊልትሮ መቀየር ብቻውን ለሳምንት ነው፤ ጋኑ መታጠብ አለበት።

አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ከጋኑ እስከ ፖምፓው ባለው ክፍል ካለ ናፍጣ ወደ ውጭ ላይፈስ ይችላል፤ መስመሩ ስለሚስብ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። ደረቅ ቱቦ ስለታየ ደህና ነው ማለት አይቻልም። ጥሩው ፈተና ንጹሕ ናፍጣ ያለበት ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ አድርጎ ሰቅሎ በጊዜያዊ ቱቦ ማጠጣት ነው። እንዲህ ሲደረግ ከተረጋጋ ችግሩ ከጋኑ እስከ ፖምፓው ባለው መንገድ ላይ ነው፤ ሞተሩም ፖምፓውም ነጻ ወጡ።

ጭሱ ሲናገር

ጭነት ሲጨመር የሚወጣ ጥቁር ጭስ ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው፤ ከኖዝል በፊት የአየር ፊልትሮውን ያውጡ፣ ጭነቱም ከአቅም በላይ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ሰማያዊ ጭስ የሚነድ ዘይት ነው፦ ያለቀ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚያግድ ጎማ) ወይም ተርቦ (አየር ገፊው)። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውሃ መጉደል ጋር ከመጣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል።

ብዙዎች የማያውቁት ሌላ ምልክት አለ፦ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው ድምፅ ማፈኛ) መገጣጠሚያ የሚንጠባጠብ ጥቁር ቅባት። ዘይት ይመስላል፣ ግን አብዛኛው ያልነደደ ናፍጣና ካርቦን ነው። ትልቅ ጄኔሬተር ለረጅም ጊዜ ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ሲሠራ ሞተሩ በደንብ ስለማይሞቅ የሚመጣ ነው። ያለ ጭነት በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት «ማሞቅ» የሚባለው ልማድ ደግሞ ያባብሰዋል። መድኃኒቱ ጭነት ነው፤ ቀስ በቀስ እስከ 70 ወይም 80 በመቶ ከፍ አድርጎ ለጥቂት ሰዓታት ማሠራት፣ በተቻለ መጠን በጭነት መፈተሻ። መጀመሪያ ላይ ጭሱ ይከብዳል፣ የተከማቸው ካርቦንም ሊቀጣጠል ይችላልና ሰው አጠገቡ ይቁም።

ሙቀትና የዘይት ግፊት

ሙቀት ሲጨምር ውሃውን፣ ቺንጋውን (ቀበቶውን)፣ ራዲያተሩን በዚህ ቅደም ተከተል ይዩ። የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራና በዘይት ሲደፈኑ ከውስጥ ንጹሕ ቢሆንም አያቀዘቅዝም፤ የወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ ወደ ክፍሉ ከገባም እንዲሁ። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ክዳኑን መክፈት የተጫነ የፈላ ውሃ ፊት ላይ መርጨት ነው።

የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ ካቆመው መለኪያ ዘንጉን ይሳቡ። ዘይቱ ጨምሮ ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ናፍጣ ገብቶበታል፤ ወተት ከመሰለ ውሃ። ልኩ ደህና ከሆነ ሴንሰሩን አውጥተው በቦታው የሜካኒካል ግፊት መለኪያ ይግጠሙ። ሴንሰሩን በሽቦ አታሎ ማሠራት ኩሽኔታውን (ዘንጉ የሚዞርበትን ማረፊያ) አሳልፎ መስጠት ነው።

ቻርጀሩ

ባትሪውን የሚመግቡት ሁለት ናቸው፦ ሞተሩ ሲሠራ ዲናሞው፣ ሲቆም ከመብራት ኃይል የሚሠራው ቻርጀር። በአብዛኛው ቆሞ ለሚከርም ጄኔሬተር ዋናው ሁለተኛው ነው፤ ሲበላሽ ግን ማንም አያየውም፤ የሚታወቀው መብራት የጠፋ ዕለት ነው።

ቻርጀሩ በርቶ ሳለ ባትሪው ላይ ይለኩ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞላ በኋላ ከ13.5 እስከ 13.8፣ ባለ 24 ቮልቱ ከ27 እስከ 27.6 ላይ መያዝ አለበት። 12.4 ብቻ ከታየ ቻርጀሩ እየሰጠ አይደለም፤ የመግቢያውን ማጥፊያና የመውጫውን ፊውዝ ይፈትሹ። አንዳንድ ዘመናዊ ቻርጀር ከባትሪ ተነጥሎ ሲለካ ዜሮ ያሳያል፤ ባትሪ ካልተሰማው አይከፍትምና በዚህ ብቻ ሞቷል አይባልም። ቮልቱ በቦታው ሆኖ አምፔሩ ወደ ዜሮ መቅረቡም ብልሽት አይደለም፤ ባትሪው ሞልቷል።

ቻርጀሩ ባዶውን ባትሪ በደቂቃዎች ውስጥ «ሞላሁ» ካለ ግን አይደሰቱ። ባዶውን የከረመ ባትሪ ሰሌዳዎቹ ሰልፌት ይለብሳሉ፤ ቮልቱ ቶሎ ይዘላል፣ ውስጡ ግን ምንም አልገባም። ተቃራኒው ምልክት ደግሞ አምፔሩ የማይወርድ፣ ባትሪው የሚሞቅ ሲሆን ነው፤ አንድ ሴል ሾርት ሆኗል። በአሲድ መለኪያ የሙሉ ሴል ንባብ 1.265 ገደማ ነው፤ በሴሎቹ መካከል ከ0.050 በላይ ልዩነት ከተገኘ ባትሪው ይቀየራል፤ ቻርጀሩን መጠገን ትርፉ ድካም ነው።

ውሃ ቶሎ ቶሎ የሚጎድል፣ ጎኑ ያበጠ፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ባትሪ ከልክ በላይ እየተሞላ ነው። ቻርጀሩን ዝቅ ከማድረግዎ በፊት የክፍሉን ሙቀት ያስቡ፦ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.02 ቮልት ያህል መቀነስ ይፈልጋል። 40 ዲግሪ በሆነ የጄኔሬተር ክፍል ይህ 0.3 ቮልት ነው።

ሞተሩ እየሠራ ቮልቱ ከ13.8 እስከ 14.4 ካልደረሰ ዲናሞውን ይዩ። በመጀመሪያ ቺንጋውን፣ ቀጥሎ የቻርጅ ማስጠንቀቂያ አምፖሉን። ብዙ ዲናሞ ለመጀመር የሚያስፈልገውን ትንሽ ጅረት የሚያገኘው በዚህ አምፖል በኩል ስለሆነ አምፖሉ ሲቃጠል ደህናው ዲናሞ ዝም ይላል። ለሙከራ ተብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ማሰሪያ መፍታት ግን የዲናሞውን ዳዮዶች ማቃጠል ነው።

ሁለት ባትሪ ተቀጣጥሎ 24 ቮልት በሚሰጥበት ቦታ ሁለቱን ለየብቻ ይለኩ። ድምሩ 27 ሆኖ አንዱ 14.6፣ ሌላው 12.4 ሊሆን ይችላል፤ አንዱ እየፈላ ሌላው ይራባል። አንድ ሰው ለሬዲዮ ወይም ለአምፖል ከአንደኛው ባትሪ ብቻ 12 ቮልት ስቦ እንደሆነ ገመዱን ይከተሉ። አንዱ ካለቀ ሁለቱም አብረው ይቀየራሉ።

የቀረው ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ባትሪው ብቻውን የሚያልቅበት ነው። ሞተሩ እንዳይነሳ አድርገው፣ ቻርጀሩን አጥፍተው፣ በኔጋቲቩ መስመር መሐል አምፔር መለኪያ ያስገቡ። ሰሌዳው 0.1 አምፔር ብቻ ቢበላ በወር 72 አምፔር ሰዓት ይሆናል፤ ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለ ቻርጀር ወሩን ሳይጨርስ ሞተር ማስነሳት ያቅተዋል። ከዚያ የሚበልጥ ካሳየ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ያውጡ፤ ንባቡ የወደቀበት መስመር ላይ የሚያፈስ ዳዮድ፣ የተጣበቀ ሪሌ ወይም ሳይጠፋ የቀረ መብራት ያገኛሉ።