ቆላ ላይ የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ኩሬ እንዴት ይሠራል?

ሰሜን ሸዋ ሲባል ብዙ ሰው የደብረ ብርሃን ብርድ ትዝ ይለዋል። ቆሮሶ ግን ሙቀት ይወዳል፤ ደህና የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሚደርስ ውኃ ነው፣ ሲበርደው መብላቱን ይተዋል። ስለዚህ ይህ ምክር ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ዙሪያ ቆላ ነው። ደጋ ያለ ወገኔ ገንዘቡን ቆሮሶ ላይ ባያፈስ እመርጣለሁ።

መጀመሪያ ቦታ። የመስኖ ቦይ የሚቀርበው፣ የክረምት ጎርፍ የማይደርስበት ይሁን። ከዚያ አፈሩን ሳይፈትኑ ዶማ አያንሱ፤ ብዙ ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍረው ጠዋት ውኃ ይሙሉበት፤ ማታ የጎደለውን ሞልተው፣ ቅጠል አልብሰው ያሳድሩት። ሲነጋ አብዛኛው ውኃ ካለ ቦታው ይሆናል።

ለጀማሪ 10 በ15 ሜትር ይበቃል። ጥልቀቱ በአንድ በኩል 80 ሳንቲሜትር፣ በማፍሰሻው በኩል 1 ሜትር ከ20 ይሁን። ዳሩን በየንብርብሩ እየረገጡ ያጠንክሩት። የውኃ መግቢያውንና መውጫውን በወንፊት ይሸፍኑ።

ውኃ ከገባ በኋላ የደረቀ ፍግ ይበትኑበት። ከሳምንት በኋላ ውኃው አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አረንጓዴ ነገር የዓሣው ምግብ ነው። ክንድዎን እስከ ክርንዎ ያጥልቁ፦ መዳፍዎ ለጥቂት ከተሰወረ ልክ ነው፤ ጥርት ብሎ ከታየ ፍግ ይጨምሩ፤ ክንድዎ ገና ሳይገባ መዳፍዎ ከጠፋብዎ ፍጉን ያቁሙ።

ጫጩት ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ያባዛል፤ የወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት መንገዱን ያሳይዎታል። በካሬ ሜትር 2፣ በጠቅላላው 300 ጫጩት ይበቃል። የካቲት መጨረሻ ላይ ቢያስገቡ ብርዱ ሳይመለስ ያድጋል። ከነፌስታሉ ኩሬው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ያንሳፉት፤ የፌስታሉ ውኃ ሙቀት ከኩሬው ጋር ሲስማማ የፌስታሉን አፍ ይክፈቱና ጫጩቱ ራሱ ይውጣ።

ፍሩሽካና የኑግ ፋጉሎ ቀላቅለው፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ይስጡ። ተንሳፎ የቀረ መኖ ካለ አብዝተዋል ማለት ነው። ጎህ ሲቀድ ዓሦቹ ውኃው ፊት ላይ አፋቸውን ከፍተው ካገኟቸው አየር አጥሯቸዋል፤ መኖና ፍግ አቁመው አዲስ ውኃ ይልቀቁ።

ቆሮሶ ቶሎ ይራባል፤ ኩሬው በጫጩት ሲጨናነቅ ሁሉም ይቀጭጫል። ትንንሾቹን በመረብ እያወጡ ለቤት ይጥበሱ። ልጆች ከገበያው በፊት ይብሉ።

250ዎቹ ተርፈው እያንዳንዳቸው 200 ግራም ቢደርሱ 50 ኪሎ ነው። በጾም ዓሣ የሚበላ ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ኅዳር 15 ለሚገባው የነቢያት ጾም ቢያደርሱት ገዢ አያጡም። ኩሬውን ሲያፈሱ ውኃውን ወደ ሽንኩርት መደብዎ ይልቀቁት፤ ፍግ የጠገበ ውኃ ነው።