ከኢንቴል ማክ ወደ ኤም ቺፕ ሲዞሩ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ማክቡክ ይዞ ወደ ጥገና የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ «ቦርዱ ሳይሄድ አይቀርም» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዕቃው ውጭ ያለ ዘመድ የላከው ወይም ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ነው። ሲታይ ግን ቦርዱ ደህና ነው፤ ሊጫንበት የተፈለገው ሶፍትዌር ለሌላ ፕሮሰሰር የተሠራ ሆኖ ነው ያስቸገረው። ስለዚህ ለማንም ብር ከመክፈላችሁ በፊት የቺፑን ዓይነት እዩ።

ከላይ በግራ ጥግ ያለውን የአፕል ምልክት ተጫኑና «አባውት ዚስ ማክ» የሚለውን ክፈቱ። «ፕሮሰሰር» ብሎ ኢንቴል ካለ የድሮው ነው፤ «ቺፕ» ብሎ ኤም1፣ ኤም2 እያለ ከቀጠለ አዲሱ፣ አፕል ራሱ የነደፈው ነው። አፕል ኢንቴልን እንደሚተው ያስታወቀው በጁን 2020 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ ኤም1 ማኮች በኖቬምበር መጡ። ዝውውሩ ያለቀው በ2023 ማክ ፕሮም ሲቀየር ነው። ኩባንያው ልማዱ ነው፤ በ2006ም ከፓወርፒሲ ወደ ኢንቴል ሲዞር ደንበኞቹን እንዲሁ አንከራቷል።

አፑ አይከፈትም፣ ወይም «ሮዜታ ይጫን?» ይላል

የኢንቴል ፕሮግራም የሚጻፍበት የትዕዛዝ ስብስብ ኤክስ86 ይባላል፣ የኤም ቺፕ ደግሞ ኤአርኤም። አንዱ የሌላውን አያነብም። ሮዜታ 2 መሃል ገብቶ የሚተረጉም ሲሆን፣ የሚጫነው ግን ከኢንተርኔት ወርዶ ነው። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ በዚያ ሰዓት «ኢንስቶል» ብትሉት አይሳካም። ማውረጃው ትንሽ ስለሆነ የስልካችሁን ሆትስፖት ክፈቱለት።

ከዚያ በኋላ አፑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ይቆያል፤ ምልክቱ ታች እየዘለለ ሲያስጠብቃችሁ ሙሉውን እየተረጎመ ነውና አትዝጉት። ሁለተኛው ላይ ይፈጥናል። «ኤቪኤክስ ያስፈልጋል» (የኢንቴል ቺፕ ተጨማሪ ትዕዛዞች ናቸው) ብሎ የሚዘጋ ፕሮግራም ካጋጠማችሁ ሲስተሙን ወደ ሴኮያ፣ ማለትም ወደ 15ኛው ማክኦኤስ አሳድጉ፤ ሮዜታ ያንን የተማረው እዚያ ላይ ነው።

ተከፍቶ ወዲያው ይዘጋል፣ ወይም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይላል

መጀመሪያ የምጠይቀው «ክራክ ነው?» ብዬ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ፈገግታ ነው። ኤም ቺፕ ላይ ሲስተሙ ፊርማ (ፋይሉ እንዳልተነካ የሚያሳይ ዲጂታል ማረጋገጫ) የሌለውን የኤአርኤም ኮድ ከናካቴው አያስኬድም። ክራክ ያደረገው ሰው ፋይሉን ሲነካው ፊርማው ይፈርሳል። ኢንቴል ላይ ቁጥጥሩ እንዲህ ስላልጠበቀ፣ ጓደኛችሁ ጋ የሠራው ያው ፍላሽ እናንተ ጋ እምቢ ይላል።

መፍትሄው ፎርማት ማድረግ አይደለም። ፎርማት ብታደርጉትም ያው ነው፤ የከፈላችሁት ብር ብቻ ይቀራል። የማኩን የይለፍ ቃል የሚጠይቅ «ማስተካከያ» ከቴሌግራም አውርዳችሁም አታስኪዱ። የሰርግ ቪዲዮ ለምትሠሩ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ቅጂ አለው፣ ለኤም ቺፕም ተሠርቷል። የጥር ሰርግ ሳይደርስ ልመዱት።

ፕሮግራሙ ይከፈታል፣ ፕለጊኖቹ ግን የሉም

ይህ የስቱዲዮ ሰዎች ችግር ነው፤ ፕለጊን ማለት ዋናው ፕሮግራም ውስጥ የሚሰካ ተጨማሪ የድምፅ መሣሪያ ነው። የሙዚቃ መቅረጫው ኩቤዝ ተከፍቷል፣ ፕሮጀክቱም አለ፤ የክራሩ ትራክ ግን ድምፅ የለውም፣ የፕለጊኑም ስም ከዝርዝሩ ጠፍቷል። ኩቤዝ በ12ኛው ቅጂ ለኤም ቺፕ ተሠርቷል፤ ፕለጊኑ ግን ገና የኢንቴል ነው። በኤአርኤም የሚሄድ ኩቤዝ የኢንቴል ፕለጊን ወደ ውስጡ ማስገባት አይችልም፤ ሮዜታም ግማሹን ትቶ ግማሹን አይተረጉምም።

ፕሮግራሙን ዝጉ። «አፕሊኬሽንስ» ውስጥ ገብታችሁ ምልክቱን በቀኝ ክሊክ «ጌት ኢንፎ» በሉ። «ኦፕን ዩዚንግ ሮዜታ» የምትለዋ ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉና እንደገና ክፈቱት፣ ፕለጊኖቹንም እንደገና አስፈልጉት። የጠፋው ይመለሳል። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የፕለጊኑ አዲስ ቅጂ እስኪገኝ ብቻ ተጠቀሙበት። ያች ሳጥን ከሌለች አፑ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ እዚያው «ካይንድ» ከሚለው ጎን ኢንቴል ይሁን አፕል ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ዊንዶውስ አልጫንም አለ

ቂሊንጦ ካለው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎች ሶሊድወርክስ ይፈልጋሉ። ከፋብሪካዎቹ የሚመጡ ሒሳብ ሠራተኞች ደግሞ ፒችትሪ። ሁለቱም የዊንዶውስ ናቸው። ኢንቴል ማክ ላይ ቡት ካምፕ የሚባል ነበር፤ ዊንዶውሱን ጎን ለጎን ትጭኑ ነበር። ኤም ቺፕ ላይ ቡት ካምፕ ቀርቷል። የዊንዶውስ ፍላሽ ሰክታችሁ «ኦፕሽን» ቁልፍን ይዛችሁ ብታስነሱትም አያየውም፤ ኤም ቺፕ ያለው ማክ ዊንዶውስን በቀጥታ አያስነሳምና።

ያለው መንገድ የኤአርኤም ዊንዶውስ 11ን በፓራለልስ ወይም በቪኤምዌር ፊውዥን (ሌላ ሲስተም ማኩ ውስጥ እንደ አፕ የሚያስኬዱ ፕሮግራሞች) ውስጥ ማስኬድ ነው። ፊውዥን ከ2024 ጀምሮ ነፃ ሆኗል። ዊንዶውሱ ራሱ የኤክስ86 ፕሮግራሞችን ይተረጉማል፤ ቀላል የቢሮ ሥራ ይሄዳል። የራሱ ድራይቨር (ሲስተሙን ከዕቃው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ያለው ነገር ግን፣ ለምሳሌ በዩኤስቢ ቁልፍ ፈቃድ የሚሠራ ሶፍትዌር፣ ለኤአርኤም የተሠራ ድራይቨር ከሌለው አይሠራም። 8 ጊጋ ራም ለሁለት ሲስተም ሲካፈልም ይጨናነቃል።

ፒችትሪ ለሚፈልጉ የምመክረው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ይህን ለልጅዎ ይስጡትና ያገለገለ የዊንዶውስ ላፕቶፕ ይግዙ።» ያኮርፋሉ፤ ግን በወር መጨረሻ ሪፖርት ሲደርስ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ፕሪንተሩ ገብቷል፣ ግን ማተም ላይ ስህተት ይላል

ድራይቨሩ የኢንቴል ሆኖ ሮዜታ ስላልተጫነ ሊሆን ይችላል። ማንኛውንም የኢንቴል አፕ ከፍታችሁ ሮዜታን አስገቡና እንደገና ሞክሩ። ፕሪንተሩ ኤርፕሪንት (ያለ ድራይቨር የሚያሳትም የአፕል ዘዴ) ካለው ድራይቨሩን ጨርሶ ተዉት።

ፋኑ አይሰማም፣ ራም ይጨመርልኝ

ኤም1 ማክቡክ ኤር ፋን የለውም። ራሙም ከቺፑ ጋር አብሮ የታሸገ ነው፤ «እጨምርልሃለሁ» የሚላችሁን ሰው ሽሹ።

ሲያሳድግ ባትሪው አለቀ፣ አሁን የቃለ አጋኖ ምልክት ብቻ ያሳያል

ሌላ ማክና ዳታ የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ሲ ገመድ ያስፈልጋል። ሶኖማ (14ኛው ማክኦኤስ) ወይም ከዚያ በላይ የሆነው ማክ በፋይንደር፣ ከዚያ በታች ያለው በአፕል ኮንፊገሬተር ያድነዋል። «ሪቫይቭ» ዳታችሁን አይነካም፤ «ሪስቶር» ግን ሁሉን ያጠፋል። ሁልጊዜ በሪቫይቭ ጀምሩ። የሚወርደው ፋይል ብዙ ጊጋ ስለሆነ በጥቅል ኢንተርኔት አትሞክሩት።

ኢንቴሌ አዲሱን ሲስተም አያሳይም

ማክኦኤስ 26፣ ታሆ፣ ኢንቴልን የሚቀበል የመጨረሻው ነው፤ እሱም በ2019 እና በ2020 የወጡ 4 ሞዴሎችን ብቻ። ሮዜታም ሙሉ ሆኖ የሚቆየው እስከ ማክኦኤስ 27 እንደሆነ ተነግሯል። አሁን ኢንቴል ማክ የሚገዛ ሰው ቡት ካምፕን ፈልጎ ካልሆነ በቀር ለምን እንደሚገዛ አይገባኝም።

ዳታውን ሁሉ አጥፍቼ ባስነሳው የማላውቀው ሰው አካውንት ይጠይቀኛል

የባለቤቱ አካውንት ሳይወጣ የተሸጠ ነው፣ ወይም የድርጅት ንብረት ነበር። ከ2018 እ.ኤ.አ. በፊት በነበሩት አብዛኞቹ ኢንቴል ማኮች ይህ መቆለፊያ አልነበረም፤ ኤም ቺፕ ላይ ግን ቦርድ ቀይሮ ካልሆነ በጥገና አይፈታም። ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ፊታችሁ አካውንቱን ያውጣ፣ ዳታውን ሁሉ ያጥፋ፣ ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ እስከ መጀመሪያው ገጽ ያድርሰው፤ ከዚያ ብሩን ቁጠሩ።