አካፋየ ብዙ ቁጥሮችን ስንፈልግ የሚያጋጥሙ ስህተቶችና መፍትሄዎቻቸው

ከእርሱ የሚያንሱትን ቁጥሮች ሁሉ በአካፋዮች ብዛት የሚበልጥ ቁጥር «አካፋየ ብዙ» እንበለው። 12 አንዱ ነው፤ 6 አካፋዮች ሲኖሩት፣ ከእርሱ በታች ያለ ማንኛውም ቁጥር ከ4 አያልፍም። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን በ1915 እ.ኤ.አ. ሰፊ ጥናት ያሳተመባቸው እነዚህ ቁጥሮች ሲያዩዋቸው ቀላል ይመስላሉ፤ ሲፈልጓቸው ግን ያሳስታሉ።

ምልክት፦ የ360 አካፋዮች 6 ብቻ ሆነው ወጡ።
360 = 2³ × 3² × 5 ነው። ስህተቱ አርቢዎቹን፣ ማለትም ከላይ በትንሹ የተጻፉትን 3 እና 2 እንዲሁም ያልተጻፈውን የ5 አርቢ 1ን፣ እንዳሉ ማባዛት ነው። 2ን ሦስት ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ወይም አንድ ጊዜ መውሰድ እንደሚቻል ሁሉ ጨርሶ መተውም ይቻላል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ አርቢ ላይ 1 ይጨመር፦ 4 × 3 × 2 = 24።

ምልክት፦ 84 እና 90 እንደ 60 ሁሉ 12 አካፋዮች እያሏቸው ወደቁ።
84 = 2² × 3 × 7 ሲሆን 5ን ዘሏል፤ 7 በ5 ቢተካ ያው 12 አካፋዮች ያሉት ግን የሚያንሰው 60 ይሆናል። 90 = 2 × 3² × 5 ደግሞ ትልቁን አርቢ ለ3 ሰጥቷል፤ የ2 እና የ3 አርቢዎች ቦታ ቢለዋወጡ አሁንም 60 ነው። ብቸኛ ቁጥሮቹ (እንደ 2፣ 3፣ 5፣ 7 ከ1 እና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የሌላቸው) ከ2 ጀምረው ሳይዘሉ ይሂዱ፣ አርቢዎቹም ወደ ቀኝ ሲሄዱ አይጨምሩ። ሥርዓቱ ይህ ነው። ተፈትኖ በሚያልፍ አካፋየ ብዙ ቁጥር ላይ ደግሞ የመጨረሻው አርቢ ሁልጊዜ 1 ሆኖ ይገኛል፤ ከዚህ የሚወጡት 4 እና 36 ብቻ ናቸው።

ምልክት፦ ቁጥሮቹን እንዲፈልግ የጻፍኩት የኮምፒውተር ፕሮግራም 36ን ዘለለ፣ ከፍ ሲል ደግሞ 7560ን።
ብዙ ምሽት የወሰደብኝ ይህኛው ነው። ያገኘሁትን ቁጥር እያባዛሁ ቀጣዩን እፈልግ ነበር፤ ከ24 ወደ 48፣ ከ5040 ወደ 10080። ነገር ግን ቀጣዩ የቀደመው ብዜት መሆን የለበትም። 5040 = 2⁴ × 3² × 5 × 7 ሲሆን 60 አካፋዮች አሉት። አንድ 2 አውጥተን በምትኩ አንድ 3 ስናስገባ 7560 = 2³ × 3³ × 5 × 7 እናገኛለን፤ አካፋዮቹ 64 ናቸው። የ2 አርቢ ቀንሶ ከ3 አርቢ ጋር እኩል መሆኑን ልብ ይሏል፤ ሥርዓቱ መጨመርን እንጂ እኩልነትን አይከለክልም። ይህን ሳይ የተሰማኝ ደስታ ዛሬም አልወጣልኝም።

መፍትሄው ማባዛቱን ትቶ ሥርዓቱን የሚያሟሉትን ቁጥሮች በሙሉ እስከሚፈለገው ወሰን መዘርዘር፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደርና ክብረ ወሰን የሚሰብሩትን ብቻ ማስቀረት ነው። ከ2 እስከ 100 በእጅ ይሞከር፤ ዝርዝሩ 2፣ 4፣ 6፣ 8፣ 12፣ 16፣ 24፣ 30፣ 32፣ 36፣ 48፣ 60፣ 64፣ 72፣ 96 ነው።

ምልክት፦ 30 በመጨረሻው ውጤት ውስጥ ገባ።
30 = 2 × 3 × 5 ሥርዓቱን ያሟላል፤ ነገር ግን 8 አካፋዮችን 24 ቀድሞ ይዟቸዋል። በማወዳደሪያው ላይ «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ከተጻፈ «ይበልጣል» ብቻ ይሁን። ያኔ 72 እና 96ም 60 ካስመዘገበው 12 ስለማያልፉ ይወድቃሉ፤ የሚቀሩት 2፣ 4፣ 6፣ 12፣ 24፣ 36፣ 48 እና 60 ናቸው።